ድብድቡ ሞልቶ ታሪኩ ሲጎድል

ሴራ ማለት ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት ሰንሰለት መሆኑን በክፍል ተምረናል። ሰንሰለቱ ሲላላ ምን እንደሚፈጠር ለማየት «ስትሪት ፋይተር 2» የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ፊልም መርጫለሁ። ፊልሙ በጊሳቡሮ ሱጊ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሲሆን፣ መነሻው ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የቪዲዮ ጌም ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ ሸዋ ሮቢት፣ ቪዲዮ ቤት ነበር። በዚያ ሙቀት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ርዩና ሳጋት መብረቅ በሚያበራው ሜዳ ሲፋለሙ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እንግሊዝኛው አይገባንም። ቢሆንም አክተሩ ማን እንደሆነ ካወቅን ምን ቸገረን! እኔ ግን «ቋንቋው ስላልገባኝ ነው እንጂ ትልቅ ታሪክ አለው» እል ነበር። አምና ኮሌጅ ገብቼ ደግሜ ሳየው ንግግሩ ገባኝ፤ ታሪኩ ግን ያኔ ከገባኝ ብዙም አልበለጠም።

ጉድለቱ የት ላይ ነው? የወንጀለኞች ድርጅት መሪ የሆነው ባይሰን ኃይለኛ ተፋላሚዎችን እያስፈለገ አእምሯቸውን ይቆጣጠራል። ቹን-ሊ አባቷን፣ ጋይል ደግሞ ጓደኛውን ያጡት በእሱ ነው። ቂም ያላቸው እነሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ ግን ቹን-ሊ ሆስፒታል ተኝታ፣ ጋይልም በቀላሉ ተሸንፎ፣ ባይሰንን የሚጥሉት ርዩና ኬን ናቸው። ኬን አእምሮውን ተነጥቆ ስለነበር ምክንያት አለው እንበል። ርዩ ግን ከባይሰን ጋር የቆየ ጠብ የለውም። የተጀመረው ምክንያት አንድ ቦታ፣ ውጤቱ ሌላ ቦታ ቀረ።

ድብድቡ ሁሉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ቬጋ ቹን-ሊን መኖሪያ ቤቷ ድረስ ገብቶ ሲያጠቃት ትንፋሻችንን ይዘን እናያለን። ታሸንፈዋለች፤ ወዲያው ግን ራሷን ስታ ትወድቃለች። ማሸነፏ ዋጋ አስከፍሏታል። ድብድቡን የሚያከብደው ይኸው ዋጋ ነው።

ነገሩ የኛንም ሙያ ይነካል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በዜና በብዛት የሰማሁት የከተማዋን መያዝና መለቀቅ ነበር። ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ምን እንዳጣ ብዙም አልሰማሁም። «ማን መታ? ማን ወደቀ?» ብለን ብቻ ከጻፍን፣ አንባቢያችንን ቋንቋው ሳይገባው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠው ልጅ እናደርገዋለን። ስለዚህ ፊልም ስንገመግምም ሆነ ዜና ስንሠራ «ለምን ተጣሉ? ማን ምን አጣ?» ብለን እንጠይቅ።