የአይሁድ መጻሕፍት ጥናትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት



የተዘጋ ቤት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ባለቤቱ ሰው እንዳይገባበት የቈለፈው ነው። ሁለተኛው ግን በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፥ መንገዱን የሚያሳይ ሰው በመጥፋቱ ብቻ የተዘጋ የሚመስለው ነው። ብዙ የሃይማኖት መጻሕፍት ይህን ሁለተኛውን ቤት ይመስላሉ። እንዳይነበቡ የከለከለ የለም፤ ነገር ግን ያለ መምህር ገልጦ የሚረዳቸው ሰው ጥቂት ነው። በዚች አጭር ጽሑፍ የአይሁድን የሃይማኖት ትምህርት ምሳሌ አድርገን፥ በዘመናችን የተገኘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን መንገድ ለማሳየት ምን እንደሚረዳና ምን እንደማይችል እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጻሕፍቱ ምንድን ናቸው?

አይሁድ ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ኦሪትን ነው። ሊቃውንቶቻቸው በቃል ሲያስተላልፉት የኖሩት ሕግ ደግሞ በ200 ዓ.ም. ገደማ ተሰብስቦ ሚሽና ተባለ። ከዚያ በኋላ የተነሡ መምህራን ሚሽናን ቃል በቃል እየመረመሩ፥ እየጠየቁና እየተከራከሩ ያስተማሩት ትምህርት ገማራ ይባላል። ሚሽናና ገማራ በአንድነት ታልሙድ ይባላሉ። የባቢሎን ታልሙድ ፊትና ኋላው የታተመ 2,711 ቅጠል አለው። በ1923 ረቢ ሜየር ሻፒሮ በቪየና ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፥ በመላው ዓለም ያሉ አይሁድ በየቀኑ አንድ ቅጠል እንዲማሩ ሐሳብ አቀረቡ። እስከ ዛሬም ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ መጽሐፉን ለመጨረስ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃል።

ዳንኤል ቦምበርግ የተባለ ክርስቲያን አታሚ ከ1520 እስከ 1523 በቬኒስ ከተማ ሙሉውን ታልሙድ አሳተመ። በዚህ እትም ዋናው ንባብ በገጹ መካከል ሲሆን፥ በአንዱ ጐን ራሺ የተባለው የፈረንሳይ አገር መምህር (1040–1105) የጻፈው ትርጓሜ፥ በሌላው ጐን ደግሞ ከእርሱ በኋላ የተነሡት መምህራን ክርክር ይገኛል። የኋላ አታሚዎችም ይህንኑ አቀማመጥ ተከትለዋል።

የትምህርቱ ችግር

1ኛ፤ ፊደሉ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን በራሱ ይዞ ስለሚገኝ «ሰ» ከ«ሱ»፥ «ሱ» ከ«ሲ» አይምታታም። ዕብራይስጥ ግን በአብዛኛው ተነባቢውን ብቻ ይጽፋል፤ አናባቢውን የሚያሳዩ ነጥቦች ቢኖሩትም በታልሙድ ገጽ ላይ አይገኙም። ሦስቱ ፊደላት «ስፍር» ሴፌር ተብለው ቢነበቡ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሳፋር ቢባሉ ቈጠረ፥ ሳፓር ቢባሉ ደግሞ ጠጕር ቈራጭ ማለት ነው። ትክክለኛውን ንባብ የሚያውቅ ነገሩን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ብቻ ነው።

2ኛ፤ ቋንቋው ነው። ታልሙድ በዕብራይስጥና በአራማይስጥ ተቀላቅሎ የተጻፈ ነው። ጥያቄው የት እንደሚያልቅ፥ መልሱም ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ምልክት የለውም።

3ኛ፤ አሕጽሮቱ ነው። በኋለኞቹ መጻሕፍት የአንድ መምህር ስም በሁለት ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ መምህሩ ዮሐናን ይሁን ዮሴ የሚለየው በነገሩ አካሄድ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ጥሩ ትምህርት ቤትና ትዕግሥተኛ መምህር ያላገኘ ሰው ከውጭ ይቀር ነበር። በቀደመው ዘመን ሴቶች ልጆች በብዙ ስፍራ ታልሙድን አይማሩም ነበር። የአገራችን ቤተ እስራኤልም ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ኖሩ እንጂ ታልሙድ አልደረሳቸውም ነበር። ስለዚህ በ1984ና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ ይህ ትምህርት ለአብዛኞቹ አዲስ ነገር ሆነባቸው።

የተገኘው ረድኤት

የመጀመሪያው ረድኤት የሰው ድካም ነው። ረቢ አዲን ስታይንሳልትዝ በ1965 ጀምረው ታልሙድን በዛሬው ዕብራይስጥ ተረጐሙ፤ አናባቢና የንባብ ምልክትም ጨመሩበት። ሥራው የተፈጸመው ከ45 ዓመት በኋላ በ2010 ነው። በ2011 የተመሠረተው ሴፋሪያ የተባለ ድርጅት ደግሞ መጻሕፍቱን በኢንተርኔት ለሁሉም በነጻ ማቅረብ ጀመረ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚህ መሠረት ላይ የመጣ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠውና፥ የትኛው ቃል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ ከምሳሌዎቹ ይማራል። ዲክታ የተባለው የእስራኤል ማዕከል በዚህ ዘዴ አናባቢ ለሌለው ጽሑፍ አናባቢ የሚሰጥና አሕጽሮተ ቃልን የሚፈታ መሣሪያ ሠርቷል። የጥንት የእጅ ጽሑፍን የሚያነቡ መሣሪያዎችም አሉ። በ1897 ገደማ ከካይሮ ምኵራብ ወደ ካምብሪጅ ከተወሰዱት ወደ 200,000 የሚጠጉ ቍርጥራጮች መካከል የአንድ መጽሐፍ የሆኑትን ለይቶ ለማገናኘት ኮምፒዩተር ረድቷል። ዐይነ ስውር የሆነ ተማሪ ንባቡን በጆሮው ይሰማል፤ ቋንቋውን የማያውቅም በራሱ ቋንቋ ማብራሪያ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ እንደ አማርኛ ባሉ፥ በኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች የሚሰጠው ትርጕም ይበልጥ ሊሳሳት ስለሚችል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ

ባባ ሜጺዓ በተባለው የታልሙድ ክፍል፥ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ወደቀ ዕቃ ነው። ሚሽና የተበተነ ገንዘብ ያገኘ ሰው ለራሱ ይውሰደው፤ በቦርሳ ያለ ገንዘብ ያገኘ ግን አዋጅ ይንገር ይላል። ምክንያቱም የተበተነው ገንዘብ መለያ ምልክት ስለሌለው ባለቤቱ ተስፋ ይቈርጣል፤ ቦርሳ ግን ምልክት አለው።

እንግዲህ ባለቤቱ ገንዘቡ መውደቁን ገና ሳያውቅ ሌላው ሰው ቢያነሣውስ? ቢያውቅ ኖሮ ተስፋ በቈረጠ ነበር፤ ነገር ግን አላወቀም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሁለቱ መምህራን አባዬና ራቫ በዚህ ተለያዩ። ራቫ ተስፋ እንደ ቈረጠ ይቈጠራል አለ፤ አባዬ ግን ሰው ባላወቀው ነገር ተስፋ ቈረጠ አይባልም አለ። ታዲያ ሚሽና የተበተነውን ገንዘብ ለምን ላገኘው ፈቀደ? ሰው ገንዘብ የያዘበትን ቦርሳ ዘወትር ስለሚዳብስ መጥፋቱን ወዲያው ያውቃል የሚል መልስ ተሰጠ። በመጨረሻም ሕጉ እንደ አባዬ ሆነ።

ይህን ነገር ኮምፒዩተሩን ብንጠይቀው «ሕጉ እንደ አባዬ ነው» ብሎ በቅጽበት ሊመልስልን ይችላል። ይህን ብቻ ገልብጦ የሄደ ተማሪ ፍርዱን አገኘ እንጂ ትምህርቱን አላገኘም። ትምህርቱ ያለው በ«ታዲያ ለምን?» ላይ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። መሣሪያው የሚናገረው እውነቱን መርምሮ ሳይሆን ሊከተል የሚችለውን ቃል ገምቶ ስለ ሆነ፥ የአንዱን መምህር ቃል ለሌላው ሊሰጥ፥ የሌለ ገጽም ፈጥሮ በድፍረት ሊጠቅስ ይችላል። በምሳሌአችን ሁለቱ ስሞች ብቻ ቢቀያየሩ ሕጉ ይገለበጣል፤ የባለቤቱም ገንዘብ ላገኘው ሰው ይሆናል። በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ነገርን በተናጋሪው ስም መናገር ታላቅ ምግባር የሆነው በከንቱ አይደለም።

ምን እናድርግ?

በዚህ መሣሪያ ለሚማር ሰው ሦስት ነገሮች ይጠቅሙታል። አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ ቃል መጽሐፉንና ገጹን ይጠይቅ፤ ገልጦም በዐይኑ ይይ። ሁለተኛ፤ አይሁድ ኀቭሩታ እንደሚሉት ከአንድ ጓደኛ ጋር ተቀምጦ ይከራከር፤ ጓደኛ ፊትን አይቶ አለመረዳትን ያውቃልና። ሦስተኛ፤ ለኑሮው የሚሆነውን ፍርድ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሕያው መምህር ይቀበል።

ሕጋቸውን የሚጠብቁ አይሁድ በሰንበት ቀን ኮምፒዩተር አይነኩም። በዚያን ቀን ተማሪው ከመጽሐፉ፥ ከጓደኛውና በልቡ ካለው ዕውቀት ጋር ብቻ ይቀመጣል። መሣሪያው በሳምንቱ ውስጥ በእውነት አስተምሮት እንደ ሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እኛም ተማሪዎች የምንማረው የታሪክም ሆነ የሒሳብ ትምህርት ይሁን፥ ራሳችንን በዚሁ መንገድ እንመዝን። መሣሪያው በተዘጋ ጊዜ ነገሩን ለጓደኛችን ከነምክንያቱ ማስረዳት ከቻልን፥ በእውነት ተምረናል ማለት ነው።