ቤቱ ቀረ፣ ግቢው ሄደ፦ የራስ ብሩ መኖሪያና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ የነበረው የመኳንንት ይዞታ

ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሙዚየም ቀድሞ የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። የከተማዋ መቶኛ ዓመት በተከበረበት ወቅት ለሙዚየምነት ተዘጋጀ። ጎብኚው በውስጡ የከተማዋን ታሪክ በፎቶግራፍና በቁሳቁስ ይመለከታል፤ ቤቱ ራሱ ግን እንደ ታሪክ ማስረጃ እምብዛም አይነበብም። ምክንያቱ ቤቱ ሙሉ ነገር አለመሆኑ ነው። በዘመኑ ከአንድ ሰፊ ይዞታ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ዛሬ የቆመው ከዚያ ተነጥሎ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አቀማመጧ የጦር ሰፈርን ሥርዓት የተከተለ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በመካከል ሆኖ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ እያንዳንዱም ወታደሩንና ሎሌውን በዙሪያው አሰፈረ። የከተማ መንደር እስከ ዛሬ «ሰፈር» መባሉ፣ ብዙዎቹ ሰፈሮችም በመኳንንት ስም መጠራታቸው ከዚህ የመጣ ነው። በአጥር የተከበበው ግቢ እልፍኝና አዳራሽ፣ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤት፣ ጎተራና የበቅሎ ጋጥ ነበረው። ከአጥሩ ውጭ የአሽከሮቹ ጎጆዎች ይከተላሉ። የሚበላው እህል፣ የሚጣለው ጠጅ ማር፣ የሚታረደው ከብት በአብዛኛው የሚመጣው መኳንንቱ በየአገሩ ከያዙት ጉልትና ርስት ነበር። ስለዚህ የከተማው ግቢ ለብቻው ሊጠና አይችልም፤ እርሻው በሩቅ አገር፣ ጎተራው በከተማ የሆነ የአንድ ይዞታ ግማሽ ነው።

ከአልፕስ ተራሮች መንደሮች ጋር ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በደቡብ ቲሮል የእርሻ ይዞታ ሳይከፋፈል ለአንድ ወራሽ እንዲተላለፍ የሚያዝ ሕግ አለ። ቤቱ፣ ጎተራው፣ ማሳውና ግጦሹ አብረው የኖሩት በዚህ ነው። በአዲስ አበባ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ መሬት እንደ ግል ንብረት የሚሸጥና የሚወረስ ሆነ፤ ሰፊ ይዞታ የነበራቸው ባለመሬቶችም የጭቃ ቤት እየሠሩ ማከራየት ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች የቀረውን ፈቱት፦ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን እርሻ፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። የጌታውና የሎሌው ቤት ታሪክ በሁለት መዝገብ የተከፈለው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቱ ካዛንቺስ ሌላ መነሻ አለው። ስሙ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የመጣ ነው፤ ሰፈሩን የወለደው መኳንንት ሳይሆን ቢሮ ነው ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊ ክፍሉ ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተኑ። ከቤቶቹ ጋር የቤቶቹ አመጣጥ ትዝታም አብሮ ሄደ።

ለተመራማሪ የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይነሣል። ታላቁ ቤት ተጠብቋል፤ ፕላኑን በማንኛውም ጊዜ መለካት ይቻላል። የጎጆዎቹ ግን አይቻልም። ማን ከየት አገር፣ በማን አሽከርነት መጥቶ እንደ ሰፈረ፣ ጎተራው በየት በኩል እንደ ነበረ፣ የቀበሌው ቤት ቀድሞ የማን ማደሪያ እንደ ነበረ ከአረጋውያን ቃልና ከቀበሌ የቤት መዝገብ ጋር አስተያይቶ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ነዋሪው ወደ አዲሱ መንደር ሲዛወር መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ መከታተልም የዚሁ ጥናት ክፍል ነው።