በሚኒሞ የሚሰማ የሞተር መንቋቋት፦ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ምንጩን የመለየት ዘዴ

አኅጽሮት

ሞተር ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ በጋራዥ አነጋገር «ሚኒሞ» ሲይዝ፣ የሚሰማ የመንቋቋት ድምፅ ከላላ ቆርቆሮ ወይም ከተበላ የቢየላ ብሮንዝ ሊመነጭ ይችላል። የመጀመሪያው አንድ ብሎን በማጥበቅ ይቆማል፤ ሁለተኛው ችላ ከተባለ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ጆሮ ቦታውን በቀላሉ ይስታል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ከመገመት በፊት ከምን ጋር አብሮ እንደሚለወጥ መመርመር እንደሚገባ ያሳያል። ለማሳያነት የተወሰደው በአንዳንድ የቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ሞዴሎች ላይ የሚገኘው ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር ነው።

1. ሚኒሞ ድምፅን የሚያጎላበት ምክንያት

አንደኛው ምክንያት የዙር መዋዠቅ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲያቀጣጥል ክራንክሻፍቱን ይገፋዋል፤ በሁለት ግፊቶች መካከል ደግሞ ዙሩ ይቀንሳል። ይህን መዋዠቅ የሚያለዝበው በቮላኖው ውስጥ የተከማቸው የመሽከርከር ጉልበት ነው። ጉልበቱ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በደቂቃ 720 ዙር ላይ ያለው በ2,880 ዙር ላይ ካለው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ የላላ ክፍል በሚኒሞ ይበልጥ ይናወጣል።

ሁለተኛው የዘይት ግፊት ነው። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ክራንክሻፍቱ በመሆኑ ግፊቱ በሚኒሞ ዝቅ ይላል፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። በዘይት ግፊት የሚሠራው የታይሚንግ ካቴና መወጠሪያም ሆነ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ የሚዞረው ብሮንዝ ድክመታቸው በዚህ ጊዜ ሊገለጥ ይችላል።

2. የምርመራው ቅደም ተከተል

ሀ) ዘይት። መጠኑ ከታየ በኋላ የግፊት ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው መለኪያ ጌጅ ይገጠማል። ግፊቱ አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን በታች ከሆነ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል፤ ቀሪዎቹ ሙከራዎችም አይካሄዱም። የማስጠንቀቂያ መብራቱ የሚበራው ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ አለመብራቱ ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ለ) ሙቀት። ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሰማ ድምፅ ወደ ካቴናው መወጠሪያ ወይም ወደ ቫልቭ ጊዜ መቆጣጠሪያው ያመለክታል። ሞተሩ ሲሞቅ እየደከመ የሚሄድ ድምፅ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለ ክፍተትን፣ ሲሞቅ የሚጎላ ደግሞ የብሮንዝ መበላትን ያስጠረጥራል።

ሐ) ምት። በተንቀሳቃሽ ስልክ የ10 ሰከንድ ድምፅ ተቀድቶ የሞገዱ ጫፎች ይቆጠራሉ። በደቂቃ 720 ዙር ክራንክሻፍቱ በ10 ሰከንድ 120 ጊዜ፣ ካምሻፍቱ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 60 ጊዜ ይዞራል፤ አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ 240 ጊዜ ያቀጣጥላሉ። ወደ 60 የሚጠጋ ቁጥር አንድን ቫልቭ፣ ወደ 120 የሚጠጋ ደግሞ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞር ክፍልን ያመለክታል። ሥርዓት የሌለው ምት ብዙውን ጊዜ የላላ ቆርቆሮ ነው።

መ) መነጠል። ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ሲነሣ ድምፁ ከጠፋ፣ ምንጩ ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑ ወይም ሌላ በቺንጋ የሚዞር ክፍል ነው። የውሃ ፓምፑ ስለሚቆም ሙከራው ከአንድ ደቂቃ ሊበልጥ አይገባም። በእጅ ማርሽ መኪና ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮ ነው። የጭስ ማውጫው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮም በረጅም እንጨት ተጭኖ ይፈተሻል።

ሠ) ሲሊንደርን ማሰናከል። የኢንጀክተሮቹ ሶኬት በየተራ ይነቀላል። ከካንዴላ ኮይል ይልቅ ኢንጀክተሩ የሚመረጠው ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እንዳይገባ ነው።

3. ሁለት የሚያሳስቱ ምልክቶች

በምት ቆጠራ ብቻ መወሰን አደገኛ ነው። የተበላ የቢየላ ብሮንዝ ጎልቶ የሚመታው በኃይል ምት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ በመሆኑ ቁጥሩ እንደ ቫልቭ 60 ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው የመጨረሻው ሙከራ ነው። አንድ ሲሊንደር ሲሰናከል ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ጫናው የሚያልፍበት ፒስተን ወይም ቢየላ ይጠረጠራል፤ ካልተለወጠ የቫልቭ ክፍተት ይለካል። በማሳያው ሞተር ክፍተቱ ሲቀዘቅዝ ለመግቢያ ቫልቭ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለመውጫ ቫልቭ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ነው።

ሌላው በሚኒሞ የሚሰማን መንቋቋት በቤንዚን ጥራት ማሳበብ ነው። ከነዳጅ የሚመጣ ኳኳታ በዋናነት የሚታየው ሞተሩ ሲጫን፣ ለምሳሌ ዳገት ሲወጣ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ በሌለው ሞተር ይህ ዝንባሌ ይበልጥ ይቀንሳል።

4. መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘሩት ሙከራዎች አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም፤ ውጤታቸው ሲገጣጠም ግን የተጠርጣሪው ክልል ይጠባል። ቅደም ተከተሉም ሁለት ኪሳራዎችን ያስቀራል፦ በቆርቆሮ ምክንያት ጤነኛ ሞተር መክፈትንና የዘይት ግፊቱ የወረደን ሞተር በማዳመጥ ሰበብ ማስነሣትን። የግፊት ልኬት ከሁሉም የሚቀድመውም ለዚህ ነው።