ቀረጥ ሲቀንስ የሐኪም ቤቱን ወጪ ማን ይሸፍናል?

በዛሬው ትምህርታችን የጃማይካንና የጎረቤቶቿን በጀት እንመልከት። (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው።) የእንግሊዝ ደንብ፣ ቅኝ ግዛት በራሱ ገቢ ይተዳደር የሚል ነበር። ዋናው ገቢ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ ነው። በ1930ዎቹ ድቀት የስኳር ዋጋ ሲወድቅ ንግዱ ቀዘቀዘ፤ ቀረጡም አብሮት ወረደ። የብድር ወለድ ግን ገበያ አያይም። ስለዚህ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ገንዘብ ያጡት ሥራ አጡ በበዛበት ሰዓት ነው።

ለንደን በ1929 በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ነበር። ዓላማው ለእንግሊዝ ፋብሪካዎችም ገበያ መክፈት ስለነበር ገንዘቡ ዞሮ ወደ ሰጪው ይመለሳል። ነጋዴ ይህን ዓይነቱን “እርዳታ” ያውቀዋል! ጣሪያው 5 ሚሊዮን ደርሶ ትምህርት የተካተተው በ1940 ሲሆን፣ ያም ከ1935 እስከ 1938 ሠራተኛው ካመጸ በኋላ ነው። ድህነቱን ያጠናው የሎርድ ሞይን ኮሚሽን ሙሉ ሪፖርት ግን እስከ 1945 አልታተመም።