የማሽላ ፍሬና የዕዳ ሒሳብ፦ አዎንታዊና አሉታዊ ቁጥሮችን ለልጆች ስለ ማስተማር



በቆቦና በራያ ቆላ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን የምታስጠኑ ሁሉ አንድ ስሕተት ደጋግማችሁ ሳታዩ አትቀሩም። ልጁ «−3 ሲደመር −2 ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «5» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ነጌቲቭና ነጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» ይላል። ሕጉን የሰማው ስለ ማባዛት ነበር፤ እርሱ ግን ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዘም።

ነገሩን የሚያስይዘው በየቤቱ ያለው ማሽላ ነው። ነጭና ቀይ ማሽላ በሰፌድ ላይ አቅርቡ። ነጩ ፍሬ በጎተራ ያለ የአንድ ቁና እህል፣ ቀዩ ፍሬ ደግሞ ያልተከፈለ የአንድ ቁና ዕዳ ይሁን። አባቱ በክረምት እህል ተበድሮ ከአጨዳ በኋላ ሲከፍል ያየ ልጅ ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታም እ.ኤ.አ. በ628 የእነዚህን ቁጥሮች ሕግ ሲጽፍ አዎንታዊውን «ሀብት»፣ አሉታዊውን «ዕዳ» ብሎ ነበር የሰየማቸው።

5 ነጭና 3 ቀይ ፍሬ በልጁ ፊት አስቀምጡ። አንዱን ነጭ ከአንዱ ቀይ ጋር እያጣመረ ወደ ዳር ያውጣ። አንድ ቁና ያለው ሰው የአንድ ቁና ዕዳ ቢከፍል ባዶውን ይቀራልና ጥንዱ ይጣፋል። የሚቀረው 2 ነጭ ነው፤ 5 + (−3) = 2። ነጩ 3፣ ቀዩ 5 ቢሆን 2 ቀይ ይተርፋል። −3 እና −2 ሲደመሩ ግን የሚያጣፋቸው ነጭ ስለሌለ 5 ቀይ ይሆናሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ልጁ በእጁ ደጋግሞ ሳይሠራው ምልክቱን በደብተር አታስጽፉት።

አስቸጋሪው መቀነስ ነው። እኔም በልጅነቴ ሳላምንበት ነው የሸመደድሁት። «ከ2 ላይ −3ን ቀንስ» ሲባል፣ 2 ነጭ ብቻ ካለበት ሰፌድ 3 ቀይ ከየት ይነሣል? ጥንድ ዋጋው ባዶ ስለሆነ 3 ጥንድ ብንጨምርበት ሒሳቡ አይለወጥም። አሁን 5 ነጭና 3 ቀይ አለን፤ ቀዮቹን ስናነሣ 5 ነጭ ይቀራል። 5 ቁና እያለው የ3 ቁና ዕዳ ያለበት ገበሬ የራሱ 2 ብቻ ነው፤ አበዳሪው ዕዳውን ቢተውለት 5ቱም የእርሱ ይሆናል።

መቼም ዕዳና ምሕረት ሲነሣ ወደ ኃጢአትና ምግባር ለመሻገር እንፈተናለን። እባካችሁ ተዉት፤ በጎ ሥራ ከኃጢአት ጋር እየተጣመረ የሚጣፋ ፍሬ አይደለም፣ ልጁም ሁለቱን ትምህርት ያደባልቃል።

ከፍ ላሉት ልጆች ይህን ጠይቁ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጨው የሚቈፈርበት የዳናክል ረባዳ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የከፍታቸው ልዩነት ስንት ነው? መልሱ 1,500 − (−120)፣ ማለት 1,620 ሜትር ነው። 1,380 የሚል ልጅ ቢኖር አትቈጡት፤ ወደ ማሽላው መልሱት።