ያልቀራሁት ኪታብ

 

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ሱረቱል ካህፍን የምንቀራበት ቀን ነው። የዋሻውን ወጣቶች ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እኔ ግን ከ60ኛው አንቀጽ ስለሚጀምረው የሙሳ (ዐ.ሰ) ጉዞ ላጫውታችሁ ፈልጌ ነበር። አስቀድሜ የራሴን አንድ ጥፋት ልናገር።

አምቦ ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ኢማሙ ስላልነበሩ አንድ ሽማግሌ ሱብሒ አሰገዱን። በሁለተኛው ረከዓ ከሩኩዕ ቀና ብለው ቁኑት አደረጉ። ካሰላመቱ በኋላ፣ ዚክራቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ሄድኩና «አባ፣ ይሄ እኮ ቢድዓ ነው!» አልኳቸው። ሰዉ ሁሉ ሰማ። እሳቸው አልተቆጡም። «ከየትኛው ኪታብ ነው የቀራኸው፣ ልጄ?» አሉኝ እንጂ።

መልስ አልነበረኝም። ያለኝ ዕውቀት ስልኬ ላይ ያየሁት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ደረሳ ሆነው በጅማ በኩል ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየዞሩ እንደቀሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ከቀሯቸው ኪታቦች አንዱ የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የሱብሒን ቁኑት ሱና ይለዋል።

ነገሩን ሳጣራ ይበልጥ አፈርኩ። ኢማሙ ማሊክና ኢማሙ ሻፊዒይ ሱብሒ ላይ ቁኑት ይደረጋል ይላሉ። ኢማሙ አቡ ሐኒፋና ኢማሙ አሕመድ ደግሞ ዘወትር አይደረግም ይላሉ። ኢማሙ አሕመድ እኮ ከሻፊዒይ የተማሩ ናቸው! በዚህ ጉዳይ ከሸይኻቸው ተለዩ፣ ለሸይኻቸው ዱዓ ማድረግን ግን አልተዉም። እኔ የአንዳቸውንም ኪታብ አንድ ገጽ ሳልገልጥ በመካከላቸው ፈራጅ ሆኜ ተቀምጬ ነበር።

ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው ባግዳድ ሳሉ የሰጧቸውን ብዙ ብያኔዎች ግብፅ ከገቡ በኋላ እንደገና መርምረው ለውጠዋል። ለዚህ ነው የመዝሀቡ ዑለማዎች ዛሬም «የቀድሞው ንግግር» እና «አዲሱ ንግግር» እያሉ የሚለዩት። ያኔ ስማቸው የገነነ ዓሊም ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው የቀድሞውን ይዘው በየአገሩ ያስተምሩ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» ቢሉ ኖሮ አዲሱ ባልተጻፈ ነበር። በ204 ሂጅራ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከመማር አልቦዘኑም። ሸይኻቸው ኢማሙ ማሊክም 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» ማለታቸው ተዘግቧል። እኛ በአንድ ምሽት በቴሌግራም ግሩፕ ስንት ጥያቄ እንመልሳለን?

አሁን ወደ ሙሳ (ዐ.ሰ) እንመለስ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ለበኒ ኢስራኢል ኹጥባ ሲያደርጉ ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። «እኔ» አሉ። አላህ ዕውቀቱን ወደ እሱ ስላልመለሱ ወቀሳቸው፤ ሁለቱ ባሕሮች ከሚገናኙበት ቦታ እሳቸው የማያውቁትን የሚያውቅ ባሪያ እንዳለው ነገራቸው። ልብ በሉ፤ ሙሳ ተውራት የወረደላቸው ነቢይ ናቸው። ሆኖም ሥንቅ ቋጥረው፣ እስኪደክማቸው ተጉዘው፣ ኸድርን «ልከተልህና አስተምረኝ» አሉት። ጀልባ ላይ ሳሉም አንዲት ወፍ መጥታ ምንቃሯን ባሕሩ ውስጥ ነከረች፤ ኸድር የሁለቱም ዕውቀት ከአላህ ዕውቀት ጋር ሲተያይ ወፏ ከባሕሩ የወሰደችውን ያህል ብቻ መሆኑን ነገራቸው።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ያጠራጥራል ማለቴ አይደለም። ተውሒድና አምስቱ ሶላቶች ድርድር የላቸውም። ደግሞም ዛሬ «እኔ የምሠራውን አታውቅም» እያለ ከሸሪዓ የሚወጣ ሰው ኸድር አይደለም፣ አትሸወዱ።

የኛ አገር ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ጀመዓችን ጥቂት ነው። አንዱ ሶፍ ላይ የጅማው፣ የባሌው፣ የወሎውና የስልጤው ልጅ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ያደገበትን ይዞ ይመጣል። ትልቅ ከተማ ቢሆን የተከፋ ሰው ሌላ መስጂድ ይሄዳል። እዚህ የተከፋ ሽማግሌ ቤቱ ይቀራል።

እኔም ሽማግሌውን ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሙሉ ሱብሒ ላይ አጣኋቸው። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በስንተኛው ቀን ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ለምን እንዳልመጡ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። «አውፍ ይበሉኝ አባ» ስል ሻይ አስቀዱልኝና ጠርዙ የተበላ ኪታብ ከመደርደሪያ አወረዱ።

እኔ በልቤ የቁኑቱን ገጽ የሚያሳዩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኪታቡን ከመጀመሪያው ገልጠው «ቢስሚላህ በል» አሉኝ። ከጠሃራ ጀመርን።