ስለ ከባድ ሸክምና ስለ መሣሪያ ርዳታ ልክ

ልጆች ሆይ፥ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን ታውቃላችሁ። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው አለ። ይህን ሸክም በትከሻው የሚያነሣ ሰው የለም። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በሰረገላ ጐተቱት፤ መንገዱንም አስቀድመው ጠረጉለት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በመንገዱ ሥራ ድንጋይ ያነሡ ነበር።

መንገድ እንዴት ይረዳል? ርዝመቱን ለከፍታው አካፍሉ። 10 ክንድ ሄዶ 1 ክንድ ከፍ የሚል መንገድ ርዳታው 10 ነው፤ 70 ኩንታሉ በ7 ኩንታል ጕልበት ይወጣል ማለት ነው። በ5 ክንድ 1 ክንድ የሚወጣ ከሆነ ግን 14 ኩንታል ያስፈልጋል። በገደል ላይ መንገድ እየተጠማዘዘ የሚቈረጠው ስለዚህ ነው። ጕልበት ይቀንሳል፤ ጕዞው ግን ይረዝማል።

ዘንግም እንዲሁ ነው። ከማስደገፊያው እስከ እጃችሁ 6 ክንድ፥ ከማስደገፊያው እስከ ድንጋዩ 1 ክንድ ቢሆን ርዳታው 6 ነው። ድንጋዩ አንድ ስንዝር እንዲነሣ እጃችሁ ስድስት ስንዝር ይወርዳል። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ድንጋይ ስንፈነቅል ማስደገፊያውን በስሕተት ወደ እጃችን አቀረብነው፤ አራት ሆነን ብንጫነው አልተነቃነቀም። ወደ ድንጋዩ ባስጠጋነው ጊዜ ሁለት ልጆች ነቀሉት።

ሁለት መሣሪያ ሲጋጠም ርዳታቸው ይባዛል እንጂ አይደመርም። ያ ሰረገላ በመጀመሪያው መንገድ ላይ ቢቆም፥ ከኋላውም በዚህ ዘንግ ሽቅብ ቢገፋ፥ 10 በ6 ተባዝቶ 60 ይሆናል፤ ለ70 ኩንታል ከ1 ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ጕልበት ይበቃል።

ነገር ግን ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ የሰረገላው ክብደትና መፋተግ አልታሰቡበትም። እውነተኛውን ለማወቅ 5 ክንድ ሳንቃ 1 ክንድ ከፍ አድርጉና 10 ኪሎ ሸክም በመንጠቆ ሚዛን ወደ ላይ ጐትቱ። በሒሳብ ሚዛኑ 2 ኪሎ ማሳየት ይገባው ነበር። 3 ኪሎ ቢያሳይ፥ 10ን ለ3 አካፍሉ፤ እውነተኛው ርዳታ 3 ከሢሶ ነው።

በዘንግ ስትገፉ ሰረገላው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይራመዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ ዘወትር ድንጋይ ይዞ ከጎን ይቁም፤ ሰረገላው በተራመደ ቍጥር ከመንኰራኵሩ ኋላ ያግባው። ዘንጉ ሲነሣ ያ 7 ኩንታል ወደ ገፊዎቹ ይመለሳልና።